«ሱሰኛ ነኝ እንዴ?» እና ሌሎች የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው እትም ስለ እንቅልፍ ስናወራ በመሃል «ለእንቅልፍ ብላችሁ ምትጠጡ ሴቶች ካላችሁ ፃፉልን» ብለን ነበር፣ በቃ አንዲት መስመር ነች። የመጣው ደብዳቤ ግን እንቅልፉን ትቶ ስለ መጠጡ ነው፣ አብዛኛውም ሚጀምረው «እባክሽ እህቴ ስሜ እንዳይወጣ» ብሎ ነው። ወንዶች ስለ መጠጥ ሲፅፉልን እንዲህ ብለው አያውቁም እኮ፣ እንደውም ስማቸውን ከነአባታቸው ያስቀምጣሉ። «ሴት ልጅ ጠጥታ!» እየተባለ ያደገች ልጅ መጠጣቷን አልተወችም፣ ተደብቃ መጠጣት ነው የለመደችው፣ ስንት እንደጠጣችም ለራሷ እንኳ አትናገርም። ስለዚህ ዛሬ ነውሩን ለሌላ ሰው ትተን መጠኑን እንቁጠር። ስም አላወጣንም፣ አይዟችሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ እንዴት ነሽ። እኔ 25 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ነው ምሰራው። አርብ አርብ ከቢሮ ልጆች ጋር ቦሌ እንወጣለን። መጀመሪያ አካባቢ አንድ ብርጭቆ ወይን ይዤ ነበር ማመሸው፣ አሁን ግን እኔና ጓደኛዬ አንድ ጠርሙስ ወይን ለሁለት እንጨርስና ከዛ ጂን በቶኒክ ደብል ሁለቴ እጠጣለሁ፣ ከዛ በኋላ ያለውን እኔንጃ። ራይድ ውስጥ እንዴት እንደገባሁ ማላስታውስበት ማታ አለ፣ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ማን ጋ እንደደወልኩ አይቼ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ። ከሰኞ እስከ ሀሙስ ግን ጠብታ አልቀምስም፣ ሁዳዴንም 55 ቀን ሙሉ ትቼ ነው ምፆመው። ስለዚህ ሱሰኛ አይደለሁም አይደል? እናቴ ባለፈው ስገባ ሸትቻት ስታለቅስ አደረች። ጓደኞቼን ሳላጣ መቀነስ ነው ምፈልገው። — ሄ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሄ. የኔ ቆንጆ፣ ሱሰኛ ነኝ አይደለሁም ሚለውን ለዛሬ አስቀምጪው። አንቺ ምትፈልጊው «ኧረ አይደለሽም» ሚልሽ ሰው ነው፣ እኔ እንደዛ ካልኩሽ ደግሞ የፊታችን አርብ እዛው ነሽ። ሱስ ሳይደረስ በፊት ራሱ ብዙ ጉዳት አለ። እስቲ መጀመሪያ እንቁጠረው።

አንድ ጠርሙስ ወይን 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ 12 ፐርሰንት ከሆነ ውስጡ 70 ግራም አካባቢ ንፁህ አልኮል አለው፣ ለሁለት ስትካፈሉት ያንቺ 35 ግራም ይሆናል (ጓደኛሽ ቀስ ብላ ምትጠጣ ከሆነች ያንቺ ድርሻ ግማሽ አይደለም፣ እናውቃለን)። ደብል ጂን 80 ሚሊ ከተቀዳልሽ 25 ግራም ገደማ ነው፣ ሁለቴ ሲሆን 50። ድምሩ 85 ግራም መጣ። የአለም ጤና ድርጅት በአንድ መቀመጫ 60 ግራምና ከዛ በላይ መጠጣትን፣ በወር አንዴ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ከባድ አጠጣጥ ብሎ ነው ሚመዘግበው፣ አንቺ በወር አራቴ ነሽ። በቢራ እንቁጠረው ካልሽ ደግሞ ባለ 330 ሚሊው ጠርሙስ በ5 ፐርሰንት 13 ግራም ገደማ ስለሆነ ስድስት ተኩል ቢራ ማለት ነው። ስድስት ቢራ ትጠጫለሽ ብትባይ በስመአብ ትያለሽ አይደል፣ በሚያምር ብርጭቆ ስለመጣ ነው ያልታወቀሽ።

ጉበት ደግሞ ይሄን በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም አካባቢ ነው ሚያወጣው፣ እና ሚያፈጥነው ነገር የለም፣ ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም ምላስ ሰንበርም አያፈጥነውም። ማታ 1 ሰዓት የጀመርሽው ቶሎ ቢባል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል፣ ዘግየት ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው ከደምሽ ሚወጣው። ቅዳሜ ባንክ ክፍት ነው መቼም፣ በየትኛው ጭንቅላት ብር እንደምትቆጥሪ አንቺው እዪው።

ከወንዶቹ ጋር እኩል እየጠጣሽ ከሆነ ደግሞ እኩል አይደላችሁም። የሴት ሰውነት ውስጥ ያለው የውሃ መጠን ከወንድ ያነሰ ነው፣ ጨጓራ ውስጥ አልኮል ሚሰብረው ኢንዛይምም ያንሳል፣ ስለዚህ በክብደት ብትተካከሉ ራሱ ያው አንድ ብርጭቆ ያንቺ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ነው ሚገባው። ጉበትም ሴት ላይ ቶሎ ይጎዳል። «እኔ እኮ ከወንዶች እኩል እችላለሁ» ሚለው ጉራ ከዚህ በኋላ ባይኖር ደስ ይለኛል። የጡት ካንሰሩ አለ ደግሞ፣ አልኮል ካንሰር አምጪ ተብሎ በአለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንደኛው ምድብ ውስጥ የገባው በ1988 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ከሲጋራ ጋር አንድ ምድብ ማለት ነው። በየቀኑ 10 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ቢራ ያነሰ፣ በጡት ካንሰር የመያዝ እድልን ከ7 እስከ 10 ፐርሰንት ከፍ ያደርጋል። ይሄን ሴቶቻችን አያውቁትም፣ ካንሰር ሲባል ሁሌ ሲጋራና ዘይት ነው ሚወራው።

አሁን ወደማታስታውሺው ማታ። እሱ እንቅልፍ አይደለም፣ ራስ መሳትም አይደለም፣ ስታወሪ ስትስቂ ሂሳብ ስትከፍዪ አንጎልሽ ግን መመዝገቡን አቁሟል። ይሄ ሚመጣው ደግሞ በመጠኑ ብቻ አይደለም፣ በፍጥነቱና በባዶ ሆድ ነው። እና አርብ ምን ቀን ነው? ፆም። ቁርስ ሳትበዪ ትውያለሽ፣ ከሰዓት ሽሮዋን ቀመስ አድርገሽ ወይን ትጀምሪያለሽ። «ቢራ የፆም ነው» እያላችሁ ምትቀልዱትን ቀልድ እኛም እንቀልደዋለን፣ ግን ለሆድሽ ቀልድ አይደለም፣ ምግብ ከሌለበት አልኮሉ ቶሎ ወደ ትንሹ አንጀት ወርዶ በአንዴ ደም ውስጥ ይገባል። ከመውጣትሽ በፊት በደንብ ብዪ፣ ምስርም በያይነቱም ይሁን፣ ጠግበሽ ውጪ።

ሁዳዴን መተውሽ ትልቅ ነገር ነው፣ መተው እንደምትችዪ ያሳያል። ማያሳየው ነገር ደግሞ አለ፣ ሌላው ጊዜ እየጎዳሽ እንዳልሆነ አያሳይም። የፋሲካ ማታ ተጠንቀቂ እንጂ፣ ከ55 ቀን በኋላ ሰውነትሽ ለምዶት የነበረውን ረስቶታል፣ የድሮውን ያህል ብትጠጪ የድሮው አይነት ስካር አይሆንም። ኦዲት ሚባል የአለም ጤና ድርጅት ያወጣው አስር ጥያቄ ያለው መመዘኛ አለ፣ ጤና ባለሙያ ጋ ብትሄጂ ይጠይቅሻል፣ 8 እና ከዛ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ አደጋ ውስጥ ነው ይባላል። አንዱ ጥያቄ ማታ የሆነውን ሳታስታውሺ የቀረሽበት ጊዜ አለ ወይ ነው፣ ሌላው ደግሞ ዘመድ ወይ ጓደኛ ስለ መጠጥሽ ተጨንቆ ያውቃል ወይ ነው። ሁለቱንም ደብዳቤሽ ላይ መልሰሽልኛል።

መቀነሱን እንምጣበት። የኛ ሀገር ችግሩ ዙር ነው። አምስት ሰው ከተቀመጠ እያንዳንዱ አንድ ዙር ያወርዳል፣ ያንቺም ሲደርስ ታወርጃለሽ፣ አንድ ልጠጣ ብለሽ ወጥተሽ አምስት ነው ምትጠጪው፣ በመሃል ደግሞ «በሞቴ» አለ፣ «ስሞት አንድ ብቻ» አለ። ስለዚህ ከዙሩ ውጪ፣ የራሴን ራሴ ነኝ ማዘው በዪና መጀመሪያ እዘዢ፣ ሌላው ከጀመረ በኋላ ማፈግፈግ ከባድ ነው። ወይን ከያዝሽ ጂኑ የለም፣ ጂን ከያዝሽ ወይኑ የለም፣ ደብል ሚባለውን ቃል ደግሞ ለአስተናጋጁ አትንገሪው። ብርጭቆሽ ሳያልቅ ከላይ እንዲሞላልሽ አትፍቀጂ፣ እንደዛ ከተሞላ ማንም ሊቆጥረው አይችልም፣ አንቺም። በየመሃሉ አምቦ ውሃ በሎሚ ያዢ፣ ከሩቅ ሲታይ ከጂን ቶኒክ አይለይም፣ «ምነው አትጠጪም እንዴ» ሚልሽ የለም። ራይዱን ሳትቀመጪ ለ3 ሰዓት ቁረጪው፣ ለአንድ ጓደኛሽ ብቻ ንገሪያት፣ ለሁሉም አታውጂ።

«መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት ይቻላል ወይ ብለው ሚጠይቁ አሉ። ይቻላል። እኔ ውሸት አልወድም ግን እኛ ሀገር «አልጠጣም» ስትዪ ስብሰባ ይጀመራል፣ እርጉዝ ነሽ እንዴ፣ ጴንጤ ሆንሽ እንዴ፣ ምን ሆነሽ ነው፣ «መድኃኒት ላይ ነኝ» ስትዪ ግን እግዜር ይማርሽ ብለው ዝም ይላሉ።

ለመጀመሪያው ወር ግማሽ አድርጊው፣ ወይኑን ብቻ ወይ ሁለት ሲንግል፣ በቀጣዩ ከዛም ዝቅ። ምንም ጉዳት የሌለው መጠን ሚባል የለም፣ ይሄን የአለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ ፈረንጆቹ በግልፅ ብሎታል፣ ግን ከ85 ወደ 25 ግራም መውረድ ምንም አይደለም ማለት አይደለም፣ ብዙ ነው። ግማሽ ማድረግ ካቃተሽ፣ አስበሽ ወጥተሽ ሁሌም ካለፍሽ፣ ያኔ የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ይዘሽ ባለሙያ ጋ ሂጂ። ጓደኞችሽን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ማኪያቶ ጥሪያቸው፣ ሚመጡት ጓደኞችሽ ናቸው፣ ሚቀሩት የጠረጴዛ ጎረቤት ነበሩ።

እማማን ደግሞ በቅዳሜ ጠዋት ቡና ላይ «እየቀነስኩ ነው» በያት፣ ስንት እንደምትጠጪ መናገር የለብሽም።

ጥያቄ፦ ጅማ ነው ምማረው፣ አራተኛ ዓመት ነኝ። ፈተና ሲደርስ እቅማለሁ፣ ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክለኝ ከልጆቹ ጋር ጨብሲ እንወጣለን፣ አረቄ ነው ምንጠጣው ርካሽ ስለሆነ። በፊት በፈተና ሰሞን ብቻ ነበር፣ አሁን ሳልቅምም ማታ ካልጠጣሁ አልተኛም። ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል ያልበኛል፣ ትንሽ ስጎነጭ ይተወኛል። ከዚህ ሰኞ ጀምሮ ምዬ ላቆም ነው። በአንዴ ነው ሚሻለው በቀስታ? — ት.

መልስ፦ ት. እህቴ ይሄን ገፅ ሳትጨርሺ አንድ ነገር ስሚኝ፣ ብቻሽን ዶርም ውስጥ ሆነሽ በአንዴ እንዳታቆሚ። ጠዋት ሚንቀጠቀጥ እጅ ሲጎነጩ ሚተው ከሆነ ሰውነትሽ አልኮሉን ለምዶ ያለሱ መስራት አቅቶታል ማለት ነው፣ እንዲህ የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሚጥል በሽታ አይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣበት ይችላል፣ በሁለተኛው በሶስተኛው ቀን ደግሞ ሚቃዥ፣ የሌለ ነገር ሚያይ፣ ትኩሳት ሚይዘው አለ፣ ይሄ ካልታከመ ይገድላል። ሰው «ጠንካራ ስላልሆነች ተመለሰችበት» ይላል፣ ጥንካሬ እዚህ ጋ ምንም ቦታ የለውም።

ጅማ መሆንሽ ጥሩ ነው፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር የስነ አእምሮ ክፍል አለው፣ እዛው ግቢሽ አጠገብ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ አማኑኤል ሲባል ሚመጣላችሁን ስዕል ተዉት። ሀኪሙ ለጥቂት ቀን እየቀነሰ ሚሰጥሽ መድኃኒት አለ፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጥሻል ምክንያቱም ብዙ ሚጠጣ ሰው እሱ ያልቅበታል። ከነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ማረጋጊያ፣ ዳያዜፓምን፣ ግን ራስሽ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ፣ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ስትሄጂ ምን ያህል እንደምትጠጪ ቀንሰሽ አትንገሪ፣ መድኃኒቱን ሚያሰላው በሱ ነው።

የቤት አረቄ ጠርሙሱ ላይ ፐርሰንት ሚባል የለውም፣ አንዷ ያወጣችው ከሌላዋ አይመሳሰልም፣ ስለዚህ በመለኪያ ቆጠርኩ ብትዪም አልቆጠርሽም። ጫቱ ደግሞ አብሮ ካልቆመ ጨብሲው ይመለሳል፣ ምርቃና ካለ ማስተኛ ይፈለጋላ። ካቆምሽ በኋላ ሁለት ሶስት ሳምንት እንቅልፍሽ ይበጠበጣል፣ ይሄን አስቀድመሽ እወቂው፣ አልኮል ያስተኛል ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይሰባብረዋል፣ ሰውነትሽ ራሱን ችሎ መተኛት እስኪለምድ ነው። መሀላውን አትተዪው፣ ሀኪም ጋ ከሄድሽ በኋላ ማዪ።

ጥያቄ፦ እህቴ ይቅርታ ወንድ ሆኜ ሴቶች መሃል ገባሁ። ታናሽ እህቴ 19 ዓመቷ ነው፣ በሳምንት ሁለት ሶስቴ ጠጥታ ነው ምትገባው። አባታችን የለም፣ ቤቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ስልኳን ቀምቼ ከቤት እንዳትወጣ ላደርግ ነው፣ እናታችን ደግሞ ጠበል እንውሰዳት ትላለች። ምን ትመክሪኛለሽ? — ወንድም፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ገባህ። ስልኳን ብትቀማት ሁለት ነገር ይሆናል፣ ቀድሞ ካንተ ትደበቃለች፣ ቀጥሎ ደግሞ ችግር ውስጥ ስትገባ ምትደውልበት ስልክ አይኖራትም። የሰከረች ልጅ በሌሊት ደውላ «ና ውሰደኝ» ምትልህ ሰው ካልሆንክ ማን ይሆናል?

ስካሯ ላይ ሆና አታናግራት፣ በማግስቱም ራሷን እየያዘች አታናግራት። አንድ ቀን ረጋ ስትል፣ ብቻዋን፣ እናታችሁ በሌሉበት፣ «አዋረድሽን» በሚለው አትጀምር፣ ያየኸውን ንገራት፣ «ማክሰኞ ስትገቢ ደረጃው ላይ ወደቅሽ፣ ፈራሁ» በላት። ከዛ ጠይቃትና ዝም በል፣ ወንዶች ይሄ ዝም ማለት ይከብዳችኋል። ከጀርባው ምን እንዳለ አታውቅም፣ አባት የላትም አንተ እንዳልከው፣ ያንን ማን ጠየቃት? እና አንተም ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ እያየህ ምታወርደው ድራፍት ካለ ልጅቷ ታውቀዋለች፣ እሱን አብረህ ብትቀንስ ወሬህ ክብደት ይኖረዋል።

ጠበሉን አልከለክልም፣ የእናትን እምነት ማን ይከለክላል፣ ከህክምናው ጋር አብሮ ይሁን እንጂ። በነገራችን ላይ በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፣ የቢራ ማስታወቂያ ከቲቪና ከሬዲዮ የጠፋውም በዚሁ አዋጅ ነው። ስለዚህ ለእህትህ ሚቀዳላት ግሮሰሪ ህግ እየጣሰ ነው፣ ከእህትህ በፊት እዛ ሄደህ ባለቤቱን ብታናግረው አይከፋም፣ በጨዋ አፍ።

አንድ ቀን ደግሞ ጠርተሃት ካልነቃች፣ ትንፋሿ ዘገምተኛ ከሆነ፣ ገላዋ ከቀዘቀዘ፣ በጎኗ አስተኛት ብታስመልስ እንዳትታነቅ፣ ቡና አትጋታት፣ «ትተኛበት ይወጣላታል» ብለህ በር ዘግተህ አትሂድ፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዳት ወይ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ጥራ።

ጥያቄ፦ በጓደኛዬ ልደት ላይ በጣም ጠጥቼ ነበር። ጠዋት ስነሳ አንድ የማውቀው ልጅ ቤት ነኝ፣ ምን እንደተፈጠረ ሰውነቴ ነገረኝ። ራሴ ነኝ የጠጣሁት፣ ማን ይሰማኛል? — ስም የለኝም

መልስ፦ እኔ ሰምቼሻለሁ። የጠጣሽው አንቺ ነሽ፣ ያደረገው ግን እሱ ነው፣ እነዚህ ሁለቱ አይጨመሩም። በ1996 የወጣው የወንጀል ህጋችን ራሷን የማታውቅ ወይም መከላከል የማትችል ሴት ላይ ሚፈፀምን ወሲብ ወንጀል ብሎ ነው ያስቀመጠው፣ ማን እንደቀዳላት አይጠይቅም። ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ከሆነ ዛሬውኑ ሂጂ፣ ኤችአይቪን ሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በዛ ጊዜ ውስጥ ነው፣ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውም ቶሎ ሲወሰድ ነው ሚሻለው፣ ውጠሽው በሁለት በሶስት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ደግሞ መድገም እንዳለብሽ ጠይቂ። አዲስ አበባ ከሆንሽ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ህክምናውንም ፖሊሱንም ምክሩንም አንድ ቦታ ሚሰጥ ማዕከል አለ። ገላሽን ካልታጠብሽ ሳትታጠቢ፣ ልብስሽንም በወረቀት ጠቅልለሽ ሂጂ። ጊዜው ካለፈም ሂጂ። ስለ መጠጡ ሌላ ጊዜ እናወራለን፣ አሁን አይደለም።

ጥያቄ፦ አራስ ነኝ፣ አማቴ ጠላ ጡት ያግታል ወተት ያበዛል ብለው በቀን ሁለት ጣሳ ያመጡልኛል። ልጠጣ? — የማህሌት እናት

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። አልኮል ደምሽ ውስጥ ባለው ልክ ወተቱ ውስጥም ይገባል፣ ወተት መውረዱንም ያዘገየዋል እንጂ አያበዛውም። አንድ መጠጥ ከወተቱ እስኪወጣ ከሁለት እስከ ሶስት ሰዓት ይፈጃል፣ አራስ ልጅ ደግሞ ሶስት ሰዓት አትጠብቅም። ወተት ሚያበዛው ልጅቷ ቶሎ ቶሎ ስትጠባ ነው፣ አንቺም ፈሳሽ ጠጪ፣ አጥሚቱን፣ ውሃውን። አማትሽን አታስቀይሚያቸው፣ አጥሚት እንዲሰሩልሽ ለምኛቸው፣ ጠላው ለአራስ ጠያቂው ይቀዳ።